«የኅዳር መጀመሪያ ደመናማ፣ ከዚያ ደረቅና ፀሐያማ» የሚለው ትንበያ ለአጨዳ ሲነበብ

ከሰሜን ሸዋ ምንጃር የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ የሚል ነው፦ «ጤፋችን ደርሷል። በሬዲዮ የሰማነው የወሩ የአየር ጠባይ አዝማሚያ ግን በኅዳር የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ቀናት በመካከለኛው፣ በምሥራቅና በሰሜን ምሥራቅ የአገሪቱ ክፍሎች ደመናማ ሁኔታና በጥቂት ቦታዎች ላይ ቀላል ዝናብ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ደረቅ፣ ፀሐያማና መጠነኛ ሙቀት ያለው የአየር ሁኔታ እንደሚኖር ይናገራል። አሁን እንጨድ ወይስ ደመናው እስኪያልፍ እንጠብቅ? ለመሆኑ ከሳምንታት በፊት እንዲህ ብሎ መናገርስ ይቻላል?»

መልሱን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ከኋላ ላምጣ። ከዚህ ትንበያ ውስጥ ሁለተኛው ክፍል፣ ማለትም «ደረቅና ፀሐያማ» የሚለው፣ ተማምነው ሥራ ሊያቅዱበት የሚችሉት ነው። የመጀመሪያው ክፍል፣ «ደመናማ፣ በጥቂት ቦታዎች ላይ ቀላል ዝናብ» የሚለው፣ ግን «ተጠንቀቁ» ከማለት ያለፈ ነገር አይነግርዎትም፤ የሚያጭዱበትን ቀን መቁረጥ ያለብዎት በየዕለቱ በሚታደሰው የሦስት ቀን ትንበያ ነው። ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች በአንድ ድምፅ ተከታትለው ስለተነበቡ እኩል የተረጋገጡ ይመስላሉ እንጂ የተገኙበት መንገድ በጣም የተለያየ ነው።

ስለ ወቅቱ ስም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ግራ ሲጋባበት አያለሁና። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ መፀው ሲሆን በጋ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። በሚቲዎሮሎጂ አከፋፈል ደግሞ የአገራችን ዓመት በሦስት ይከፈላል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት ይባላል። ስለዚህ ኅዳር ላይ «የበጋው የአየር ሁኔታ ተጠናክሮ ይቀጥላል» ሲባል ቢሰሙ፣ ተናጋሪው የሚናገረው ስለዚያው እርስዎ መፀው ስለሚሉት፣ እሸቱ ደርቆ ነዶ ስለሚሆንበት ወር ነው።

ደረቁ ክፍል የሚታመንበት ምክንያት የወሩ ተፈጥሮ ነው። በክረምት የዝናብ ቀበቶው፣ ማለትም የሰሜኑና የደቡቡ ንፍቀ ክበብ ነፋሳት የሚገናኙበት መስመር፣ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣና በኢትዮጵያ ላይ ያርፋል፤ ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ ወደ ደቡብ ይሸሻል፤ ኅዳር ላይ መካከለኛውን ደጋ ለቆ ወደ ምድር ወገብ ወርዷል። እሱ በለቀቀው ቦታ፣ በዐረብ ልሳነ ምድርና ከዚያም ርቆ በሳይቤሪያ ላይ ከሚቆመው ከፍተኛ የአየር ግፊት የሚነሣ የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይገባል። ይህ ነፋስ አብዛኛው መንገዱ በየብስ ላይ ስለሆነ እርጥበቱ ጥቂት ነው፤ ከላይ ወደ ታች የሚሰምጥ አየር በመሆኑም ደመና እንዳይነሣ ይጫናል። በአዲስ አበባ የነሐሴ ዝናብ በአማካይ ከ200 ሚሊ ሜትር ሲበልጥ የኅዳሩ 20 እንኳ አይሞላም። እንግዲህ አንድ ተንባይ «ከኅዳር አጋማሽ በኋላ ደረቅ ይሆናል» ሲል ከጎኑ የቆመው የብዙ ዓመታት መዝገብ ነው፤ መሣሪያ ሁሉ ቢጠፋበት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ይሆን ነበር።

ደመናው ግን ከወሩ ጠባይ ያፈነገጠ ነገር ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሰሜን እንግዳ ነው። በሜዲትራኒያን ባሕርና በመካከለኛው ምሥራቅ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስሰው የከፍታ ነፋስ እንደ ወንዝ እየተጠማዘዘ ይሄዳል እንጂ ቀጥ ብሎ አይጓዝም። ጥምዝማዙ አንዳንድ ጊዜ ወደ ደቡብ ጠልቆ ሲወርድ፣ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ባለው የአየር ክፍል ውስጥ ቀዝቃዛና ዝቅተኛ ግፊት ያለው ሸለቆ እስከ ቀይ ባሕር፣ አልፎ አልፎም እስከ ሰሜንና መካከለኛው ኢትዮጵያ ይዘረጋል። ሸለቆው ከፊቱ፣ ማለትም በምሥራቅ በኩል ያለውን አየር ወደ ላይ ይስባል። በዚያው ጊዜ ከምድር ወገብ አካባቢ ወይም ከዐረብ ባሕር የመጣ እርጥብ አየር ከታች ካገኘ ደመናው ተደራጅቶ ይዘንባል፤ እርጥበቱ ከሌለ የምናየው ሰማዩን የሚያለብስ ከፍ ያለ ስስ ደመና ብቻ ነው፤ ፀሐይዋን ያደበዝዛል፣ ሌሊቱን ያሞቃል፣ ጠብታ ግን አይጥልም። ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ የምንለው የሁለቱ መገናኘት ውጤት ነው። መገናኘቱም ጥቂት ቀናት ብቻ የሚቆይ ነው። ከሳምንት በፊት የኮምፒውተር ሞዴሎች ጥላውን ሊያሳዩን ይችላሉ፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ቀኑን ቆርጦ የሚናገር ቢኖር አይመኑት።

ቀይ ባሕርም የራሱ ድርሻ አለው። በዚህ ወቅት ከባሕሩ ሰሜናዊ ጫፍ የሚወርደው ነፋስና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በባብ ኤል መንደብ ገብቶ ወደ ሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ መካከል ላይ ይገናኛሉ፤ በመገናኛቸው የሚነሣው ደመና የኤርትራን ጠረፍና ወደ ባሕሩ የሚያዩትን ተዳፋቶች በበጋ ያረጥባል። በሰሜን አፋር፣ በምሥራቅ ትግራይና በወሎ ምሥራቃዊ ጠርዝ በኅዳርና በታኅሣሥ ደመና መታየቱ አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ትንበያው «ምሥራቅና ሰሜን ምሥራቅ» ሲል ከሁሉ በፊት ወደዚያ መስመር እያመለከተ ነው፤ ምንጃር ከዚያ መስመር ወደ ደቡብ ርቆ ይገኛል።

«ከሳምንታት በፊት መናገር ይቻላል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ «ምኑን?» የሚል ነው። በአንድ የተወሰነ ቀን በአንድ ቦታ ይዘንባል ወይስ አይዘንብም የሚለውን ከሁለት ሳምንት ገደማ በላይ አሻግሮ ማየት አይቻልም፤ ከባቢ አየሩ ትንሿን ስሕተት እያባዛ የሚሄድ ሥርዓት ስለሆነ። ወቅቱ በጥቅሉ ከወትሮው ይረጥባል ወይስ ይደርቃል የሚለውን ግን በዕድል ደረጃ መናገር ይቻላል፤ ምክንያቱም ውቅያኖስ እንደ አየር ቶሎ አይለዋወጥም። ወራት የሚፈጅ የውቅያኖስ መሞቅና መቀዝቀዝ የነፋሱን አቅጣጫና የእርጥበቱን መጠን ይጫነዋል። የእኛን ጥቅምትና ኅዳር የሚመለከቱት ሁለት ናቸው፤ አንዱ የሰላማዊ ውቅያኖስ መካከለኛና ምሥራቃዊ ክፍል ከወትሮው ሲሞቅ ኤልኒኖ፣ ሲቀዘቅዝ ላኒና የሚባለው ሁኔታ ነው፤ ሌላው ደግሞ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊና ምሥራቃዊ ክፍሎች የሙቀት ልዩነት ነው። ለእኛ የሚቀርበው ምዕራባዊው ክፍል ከምሥራቃዊው ይልቅ ሲሞቅ እርጥበቱ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ያደላል። እ.ኤ.አ. በ1997፣ በ2019 እና በ2023 የሆነው ይህ ነበር፤ በሦስቱም ዓመታት መኸሩ በሚሰበሰብበት ወራት በአፍሪካ ቀንድ ከባድ ዝናብና ጎርፍ ደረሰ። በተቃራኒው ላኒና በተደጋገመባቸው እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 ባሉት ዓመታት በአገራችን ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ።

እዚህ ላይ ከጥያቄዎ ጥቂት ልውጣ። «ደረቅ ኅዳር» ለምንጃር መልካም ዜና ነው፤ ለቦረናና ለሶማሌ ክልል ቆላ ግን መርዶ ሊሆን ይችላል። እነሱ ዘንድ ጥቅምትና ኅዳር ሁለተኛው የዝናብ ወቅታቸው ነው፤ ቦረናዎች ሀጋያ፣ ሶማሌዎች ደይር ይሉታል፤ ኩሬ የሚሞላውና ሣር የሚያቆጠቁጠው በእሱ ነው። አንድ አገራዊ ዜና ሲነበብ የቱን አካባቢ እንደሚመለከት ሳይለዩ «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» ማለት የማይቻለው ለዚህ ነው።

ወደ ቃላቱ ልመለስ፤ ብዙ ጥፋት የሚመጣው ከእነሱ አተረጓጎም ነው። የወቅት ትንበያ «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ» እና «ከመደበኛ በታች» ለሚሉት ሦስት ክፍሎች የዕድል መጠን ይሰጣል። ክፍሎቹ የተሠሩት የረጅም ዓመታትን መዝገብ፣ አብዛኛውን ጊዜ የ30 ዓመታትን፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሮ ከሦስት እኩል በመክፈል ነው። ለምሳሌ 45፣ 35፣ 20 የሚል ትንበያ ቢወጣና 45ቱ «ከመደበኛ በታች» ለሚለው ቢሆን፣ «ይደርቃል» ማለት አይደለም፤ ከአምስት ጊዜ አንዱን ከወትሮው በላይ ሊዘንብ ይችላል ማለትም ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነገር ነው። በመካከለኛው ደጋ የኅዳር መደበኛ ዝናብ ራሱ ከምንም የማይቆጠር ነው። መደበኛው 10 ሚሊ ሜትር በሆነበት ቦታ አንድ ከሰዓት በኋላ የወረደ የ15 ሚሊ ሜትር ዝናብ ብቻውን ወሩን «ከመደበኛ በላይ» ያደርገዋል፤ የቀሩት 29 ቀናት በሙሉ ብራ ቢሆኑም። 15 ሚሊ ሜትር ማለት ደግሞ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 15 ሊትር ውኃ ማለት ነው፤ በተበተነ ነዶ ላይ ከወረደ ለጉዳት ይበቃል። በክረምት የወሩ ድምር ብዙ ይናገራል፤ በኅዳር ግን ገበሬውን የሚጎዳው ያ አንድ ቀን ነው፤ ድምሩ ስለ እሱ የሚነግርዎት የለም።

«በጥቂት ቦታዎች ላይ» የሚለውም እንዲሁ ነው። በሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት አንድ የኅዳር ጠዋት የዝናብ መለኪያውን ከፍቼ ደረቅ ሆኖ አገኘሁትና በመዝገቡ ላይ ዜሮ ጻፍኩ፤ «ቀላል ዝናብ ይጠበቃል» ብዬ የሰጠሁት ትንበያም ስሕተት ነበር ብዬ አዘንኩ። ከሰዓት በኋላ ከጣቢያው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቀው የሚኖሩ አንድ አባት መጥተው አውድማቸው ላይ የተዘረጋው ስንዴ ሌሊቱን እንደራሰ ነገሩኝ። የመለኪያው አፍ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ እኔ አገር ምድሩን በእሱ አፍ ለክቼ ነበር። የበጋ ዝናብ እንደ ክረምቱ አካባቢውን ሁሉ አያዳርስም፤ አንዱን ቀበሌ መትቶ ሌላውን ይዘላል። ስለዚህ በመንደርዎ ባይዘንብ ትንበያው ውሸት ነበር ማለት አይደለም፤ ቢዘንብም ከተነገረው የተለየ ነገር ሆነ ማለት አይደለም።

በእነዚህ ዐሥር ቀናት ውስጥ ከሦስት ቀን ትንበያው ጋር አብረው ሊያዩት የሚገባ ሰማይ አለ። ደመናው ከፍ ያለና ስስ ከሆነ፣ ፀሐይዋ በመስታወት ውስጥ እንዳለች ሆና የምትታይ ከሆነ፣ ለዚያ ቀን ብዙም አያስጋም። እየወፈረ ሄዶ የፀሐይዋ ጠርዝ ከጠፋ፣ በማግስቱ ሊከብድ እንደሚችል ይጠርጥሩ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት በጨረቃ ዙሪያ ቀለበት ታይቶ ከነበረ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ከሁሉ የሚያሠጋው ግን ጠዋት ጥርት ብሎ ከረፋዱ 5 ሰዓት ጀምሮ እየተቆለለ የሚነሣው ደመና ነው፤ በኅዳር እንዲህ ያለ ደመና ከታች እርጥበት ገብቷል ማለት ነው፤ ከሰዓት በኋላም ነጎድጓድ፣ አንዳንዴም በረዶ ሊጥል ይችላል። ነፋሱንም ያስተውሉ። ከሰሜን ምሥራቅ ሲነፍስና ከንፈር ሲያደርቅ ወቅቱ በቦታው ነው፤ መነሻውን ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዙሮ ወበቅ ከተሰማዎት ማጭድ ሳይሆን ሸራ የሚፈለግበት ቀን መጥቷል።

አሁን «መጠነኛ ሙቀት» ወደሚለው ልምጣ፤ በእኔ አስተያየት ከትንበያው ውስጥ በጣም አሳሳቹ ሐረግ ይህ ነው። የተነገረው የቀኑ ሙቀት ነው። ደመና ለምድር እንደ ጋቢ ነው፤ ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት እንዳትበትን ይይዝላታል። ደመናው ሲገፈፍ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ግን ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ በደረቁ ሳምንት ከ«መጠነኛው» ቀን ጀርባ ቀዝቃዛ ሌሊት አለ። የቀኑ ዝቅተኛ ሙቀት የሚመዘገበው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ፀሐይ በምትወጣበት ሰዓት፣ ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። በዚያ ላይ በጣቢያ የሚለካው ሙቀት ከመሬት እስከ 2 ሜትር ከፍ ብሎ በጥላ ሳጥን ውስጥ የተለካ ነው፤ ነፋስ በሌለበት ብራ ሌሊት መሬቱ አጠገብ ያለው ቅጠል ከዚያ በ3 ወይም በ4 ዲግሪ ሊያንስ ይችላል። ትንበያው «4 ዲግሪ ሴልሺየስ» ሲል ሰብሉ ላይ ውርጭ ሊያርፍ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳና በባሌ ከፍታዎች ይህ የየዓመቱ ነገር ነው። ምንጃር ከደብረ ብርሃን በአብዛኛው እስከ 1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ስለሚለያይ የእርስዎ ሥጋት የዚያን ያህል አይደለም። ሆኖም ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ቆላው ይፈስሳል፤ ከተዳፋቱ ግርጌ በሚገኝ ጎድጓዳ ማሳ ላይ ሽምብራ ካለዎት ከላይኛው ማሳ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው።

ይህን የቀዝቃዛ አየር መተኛት በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው ኅዳር 12 ማለዳ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆሞ አዲስ አበባን ይመልከት። በ1911 ዓ.ም. የደረሰውን የኅዳር በሽታ መነሻ አድርጎ እስከ ዛሬ በዚያ ቀን ቆሻሻ ይቃጠላል፤ ከተማዋ ትታጠናለች። ጭሱ ጥቂት ከፍ ይልና በማይታይ ጣራ እንደተከለከለ ሁሉ ጠፍጥፎ ይጋደማል። ጣራው ከታች ካለው ቀዝቃዛ አየር በላይ የተነጠፈው ሞቃት አየር ነው፤ በተለመደው ሁኔታ ወደ ላይ ሲወጣ መቀዝቀዝ የነበረበት አየር በደረቅ ኅዳር ማለዳ ተገልብጦ ይገኛል። ፀሐይ መሬቱን አሙቃ ይህን ጣራ እስክታፈርሰው፣ ብዙውን ጊዜ እስከ ረፋዱ ድረስ፣ ነፋስ የለም፤ ጤዛም አይነሣም።

እንግዲህ ስለ ጤፉ። በዝናብ አንጻር አንድ ሰብል ሦስት ሁኔታዎች አሉት፤ የቆመ፣ የታጨደና የተከመረ። የቆመው ቀላል ዝናብ ቢመታው በማግስቱ ፀሐይ ይደርቃል፤ በደንብ የተከመረውም ውኃው በላዩ ይንሸራተታል። የሚጎዳው በሁለቱ መካከል ያለው፣ ታጭዶ መሬት ላይ የተበተነው ነው፤ ከአፈሩ እርጥበት ይስባል፣ ፍሬው ይወይባል፣ ነጭ ጤፍ ከሆነም ገበያ ላይ ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ ጥያቄው «እንጨድ ወይስ እንጠብቅ?» ሳይሆን «ከአጨዳ እስከ ክምር ስንት ቀን ይፈጅብናል?» የሚለው ነው። በደቦ ብዙ ሰው ካገኙና የሦስት ቀን ትንበያው ሁለት ወይም ሦስት ደረቅ ቀናት ካሳየ፣ በደመናማው ሳምንት ውስጥም ቢሆን ማጨድ ይቻላል፤ ነገር ግን አጭደው፣ አድርቀው ሊከምሩት የሚችሉትን ያህል ብቻ ይጨዱ። በቅድሚያ የጋሸበውንና ፍጹም የደረቀውን ይምረጡ፤ እሱ ቢቆይ ይረግፋልና በመጠበቅ አያተርፉም። አገዳው ገና ቢጫ የሆነው ሳምንት ቢታገሥ የሚያጣው ነገር የለም። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የጋሸበውን አሁን አንሥቼ የቀረውን ለሁለተኛው ዐሥር ቀን አቆየው ነበር።

ክምሩ ከፍ ባለ ቦታ፣ ከሥሩ ድንጋይ ወይም እንጨት ተነጥፎበት፣ የነዶው ራስ ወደ ውስጥ፣ አናቱም ሾጠጥ ብሎ ይሠራ። ጤዛ ያለበትን ነዶ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አይከምሩ። ካፊያ የነካው ነዶ ሳይደርቅ ከተከመረ ውስጥ ውስጡን ይሞቃል፣ ይሻግታል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ክንድዎን ወደ ክምሩ ሲያስገቡ ሙቀት ከተሰማዎት ሳያመነቱ ያፍርሱትና በፀሐይ ይበትኑት።

ደረቁ ሳምንት ሲገባ የውቂያውን ሰዓት ከነፋሱ ጋር ያስማሙ። ጠዋት ከላይ የገለጽኩት ጣራ ስላለ አየሩ ጸጥ ይላል፤ በሬዎቹ አውድማው ላይ ሲያበራዩ ቢያረፍዱ ይሻላል። ከ6 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ መሬቱ ሞቆ የላይኛው ነፋስ ወደ ታች ሲወርድ የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ይበረታል፤ መንሹ የሚነሣውና ገለባው የሚለየው ያኔ ነው። ለማዝራት ገለባው ወደ ደቡብ ምዕራብ እንዲሄድ የአውድማውን ያንን ጎን ባዶ ያድርጉት፤ የተጣራውን ጤፍም በተቃራኒው በኩል ያከማቹ።